ሦስተኛው ወንበር

ሦስት ወንበር ነበር፣ ከዓሣ ፋብሪካው አናት፣ ስድስተኛው ፎቅ፤
አንዱ የሽማግሌው፣ የኩን አናን፣ ቃላቸው እንደ ዝናብ የሚጠበቅ፤
አንዱ የእንግዳው፣ የሚስተር ቶርበን፣ ለዋና ሥራ አስኪያጅነት ከዴንማርክ የመጣ፤
ሦስተኛው የእኔ፣ በሰዓት የምከፈል አስተርጓሚ፣ ድምፄ እንጂ ስሜ የማይወጣ።

ከታች ሳሙት ሳኮን፣ የወደቡ ክርፋት፣ የሰርዲኑ እንፋሎት፣
ከበርማ የመጡ ሴቶች በነጭ ቦት ጫማ፣ ለፈረቃቸው ሲሯሯጡ በአንድነት፤
ላይ ግን ማቀዝቀዣው አጥንት ይሰረስራል፤
ከመሥራቹ አባት ፎቶ ሥር የጃስሚን ጉንጉን በዝግታ ይጠወልጋል።

ቶርበን ጨዋ ነው፤ መዳፉን ገጥሞ አንገቱን ሰበረ፤
ግን ጣቶቹን ግንባሩ ላይ አደረሳቸው፣ መነኩሴ ፊት የቆመ ይመስል ነበረ።
ኩን አናን ፈገግ አሉ። ፈገግታ እኛ ዘንድ አንድ ትርጉም የለውም፤
ሰባት ነው ይላሉ፣ አሥራ ሦስትም፤ እኔ ቆጥሬ አልጨረስኩም።

ሠላሳ ገጽ ዘረጋ፣ ባለቀለም ግራፍ፣ የአምስት ዓመት ዕቅድ፤
ሽማግሌው በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት፣ ትኩስ ሳህን እንደማራቅ፣ ቀስ ብለው፣ በዘዴ፣ በልማድ፤
«እናትህ አለች?» አሉ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ፤ «ማን ይጠይቃታል?»
ተረጎምኩ። ቶርበን አየኝ፣ የተሳሳትኩ መስሎታል።
ደገምኩለት።
«አለች። አረጋውያን ማረፊያ ናት። እሑድ እሑድ እደውላለሁ» አለ፣ ድምፁ ወረደ፤
ከእኔ አፍ በታይኛ ሲወጣ ግን ሌላ መንገድ ሄደ፦
«እሑዱን ለእናቱ ሰጥቷል።»
ውሸት አይደለም፤ ልብስ ነው። ራቁቱን የመጣ ቃል ማን ደጁን ይከፍትለታል?

«የአንድ ሠራተኛህ አባት ቢሞት፣ ቤተ መቅደስ ሄደህ ከሐዘንተኛው ጋር ታመሻለህ?»
«የኩባንያው ደንብ ምን ይላል?»
እኔ፦ «መንገዱን ካሳያችሁት፣ ይመጣል።»
በዚያ ብርድ ውስጥ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው።
ቀጠሉ ኩን አናን፦ «ፋብሪካዬን አይተሃል፤ ምን ጎደለው?»

አሁን ቶርበን ነፍስ ዘራ፤ የለመደው ጥያቄ መጣለት፤
«ሁለተኛው መጋዘን ገንዘብ ይበላል፤ የሚመራው ሰው ሥራውን አያውቅም፤ ሌላ ሰው ይተካበት።»
የሚመራው ሰው የልጃቸው ባል ነው፤
በሩ አጠገብ ቆሟል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው «ሃሎ»ን ብቻ ነው።

ይሉኝታ ምላሴን ያዘኝ።
ይህን ቃል ለቶርበን ጠዋት ላስረዳው ሞክሬ አቃተኝ፤
«አክብሮት» አልኩ፣ ጠበበ፤ «ፍርሃት» አልኩ፣ ከፋ፤
ሁለቱን ባጋባቸው፣ ሦስተኛ ነገር ወለዱ፣ ዋናው ጠፋ።
ስለዚህ በታይኛ፦ «ሁለተኛው መጋዘን ሰፊ ነው፤ ብዙ ተስፋ አለው፤
ትንሽ ነፋስ ቢያገኝ…» ብዬ ሳልጨርሰው፣

«ስንት ይበላል?»
በእንግሊዝኛ። ጥርት ባለ፣ በአውስትራሊያ እንግሊዝኛ።
ለካ ኩን አናን በወጣትነታቸው ሜልቦርን ሳህን እያጠቡ ተምረዋል!
ለካ ሁሉን ሰምተዋል፣
እሑዱን፣ ስልኩን፣ ደንቡን፣ ሰው ፊት ተቀምጬ
የሰፋሁትን ልብስ ሁሉ፣ ከነስፌቱ፣ ከነመርፌዬ።

ቶርበን ቁጥሩን ተናገረ። አማቹ ማንቆርቆሪያውን አየ።
ሽማግሌው ወደ እኔ ዘወር ብለው በታይኛ፦
«ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነሽ» አሉኝ፤
ፈገግታው የስንተኛው እንደሆነ አላወቅኩም።
«እናስብበታለን» ብለው ተነሱ።

በአሳንሰሩ ውስጥ ቶርበን ስለ ደመወዝ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤
እሱ ግን ክራቫቱን ፈታ፣ ግድግዳውን ተደገፈ፤
«እናቴን ለምን ጠየቁኝ?» አለ።
መልስ አልነበረኝም።
ከግቢው የመናፍስት ጎጆ ፊት፣ ቀይ ለስላሳ ከነስትሮው ከተቀመጠበት፣
ቆም አለና ስልኩን አወጣ።

ረቡዕ ነበር።
በገዛ ቋንቋው ተናገረ፣ ዝም አለ፣ ሳቀ፣ ደግሞ ዝም አለ፤
አንዲት ቃል አልገባችኝም፤
ተርጉሚ ያለኝም የለ።